ዘጠኝ ከተማ በሃያ ሌሊት? ከታዳጊ ልጆች ጋር በአውሮፓ ባቡር ለሚጓዙ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጁላይ 20 አውሮፓ ገብተን ኦገስት 9 ለመመለስ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ16 ዓመት ሴት ልጃችንና የ13 ዓመት ወንድ ልጃችን ነን። ለንደን፣ ፓሪስ፣ አምስተርዳም፣ በርሊን፣ ፕራግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሮምና ባርሴሎናን በባቡር ማየት እንፈልጋለን። በሁሉም አገር የሚያስኬደው ፓስ ያዋጣናል? ልጆች በነጻ ይሳፈራሉ የሚባለውስ እውነት ነው? እኔና ልጆቹ የአሜሪካ ፓስፖርት አለን፤ ባለቤቴ ግን ግሪን ካርድ ቢኖረውም ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈራው ልጆቹ በሦስተኛው ቀን አኩርፈው ስልካቸው ላይ እንዳይደፉ ነው።

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እስክሪብቶ ያንሱና ከዘጠኙ ከተሞች አምስቱን ይሰርዙ። ለንደን፣ አምስተርዳም፣ በርሊን፣ ፕራግና ባርሴሎና ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። በምትካቸው ሉሰርን የምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ እጨምርልዎታለሁ። እንደሚከፋዎት አውቃለሁ። ፍራንክፈርት ላይ የጉዞ ቢሮ ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ከአሜሪካ የሚመጡ የአገራችን ሰዎች የሚልኩልኝ ዝርዝር ሁሉ የእርስዎን ይመስላል። «እዚያ ድረስ ሄደን ይህን ሳናይ እንመለስ?» ይሉኛል። ከጉዞው በኋላ ደውለው ሲያመሰግኑኝ ግን የሚያመሰግኑኝ ስላስቀረሁባቸው ከተማ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ከተማ ማለት ስምንት ጊዜ ዕቃ ሸክፎ መነሳት ማለት ነው። ከፓሪስ ዙሪክ በሰዓት ሰሌዳው ላይ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ሁለት ታዳጊዎች ያሉበት ቤተሰብ ግን ቀኑን ሙሉ ይከፍልበታል። ጠዋት ወንዱ ልጅ ቻርጀሩን ከአልጋ ሥር ሲፈልግ እኅቱ ገና ከመታጠቢያ ቤት አልወጣችም። ማረፊያችሁን 11:00 ላይ ታስረክባላችሁ (ሰዓትም ዓመትም የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ቀጣዩ ማረፊያ የሚከፈትላችሁ 15:00 ላይ ነው። በመካከሉ አራት ሻንጣ፣ ሁለት የከተማ ባቡር፣ አንድ የራበው ልጅ አለ። ይህን ስምንት ጊዜ ቢደጋግሙት ከሃያው ቀን ስምንቱ ሻንጣ ሲጎተት ያልቃል። እርስዎ የሚፈሩት ኩርፊያ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሙዚየም አሰልችቶት የሚያኮርፍ ልጅ ያየሁት ጥቂት ነው፣ በየሁለት ቀኑ ከአልጋው ተነቅሎ የሚያኮርፍ ግን በየክረምቱ አያለሁ።

እኔ የማወጣላችሁ ዕቅድ ይህ ነው፦ ፓሪስ አምስት ሌሊት፣ ሉሰርን አራት፣ ቪየና አራት፣ አንድ ሌሊት ባቡር ውስጥ፣ ቬኒስ ሁለት፣ ሮም አራት። ሃያ ሌሊት፣ አራት አገር፣ አራት የመንገድ ቀን ብቻ። የአውሮፕላኑን ትኬት በፓሪስ ገብቶ ከሮም የሚነሳ አድርገው ይግዙት። በፓሪስ ደርሶ መልስ የገዛ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ቀንና አራት የባቡር ትኬት ከፍሎ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ለንደንን ያስሰረዝኩዎት በባለቤትዎ ፓስፖርት ምክንያት ነው። ግሪን ካርድ የሸንገን ቪዛን፣ ማለትም በዕቅዳችሁ ያሉትን አገሮች ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠይቁትን ቪዛ አያስቀርም፤ እንግሊዝ ደግሞ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ከፓሪስ ለንደን ደርሶ ለመመለስ የሸንገኑ ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆን ይኖርበታል። ለሦስት ቀን ለንደን ይህ ሁሉ ወረቀት አይገባውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎት። የቪዛው ማመልከቻ የሚገባው ረጅም ጊዜ ለምትቆዩበት አገር ቆንስላ ነው። ሰዎች «ረጅሙ ቆይታችን ፓሪስ ነው» ብለው ወደ ፈረንሳይ ይሮጣሉ። የሚቆጠረው ግን አገሩ ነው። በዚህ ዕቅድ ፓሪስ አምስት ሌሊት ሲሆን ቬኒስና ሮም አንድ ላይ ስድስት ይሆናሉ፤ ስለዚህ ባለቤትዎ የሚያመለክተው ለጣሊያን ነው። ቆይታው እኩል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ይሆን ነበር። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ለክረምት የቀጠሮ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ከየካቲት ወይም ከመጋቢት አያሳልፉት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ዋስትናም ያስፈልጋል። ቪዛው እስኪወጣ ሊሰረዝ የሚችል ማረፊያ ብቻ ይያዙ፤ ገንዘቡ የማይመለስ የባቡር ትኬት እንዳይገዙ።

እርስዎና ልጆቹ ለእንዲህ ያለ ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ግን ሸንገን ሲገባ ፎቶና የጣት አሻራ የሚወሰድበት አዲስ ምዝገባ ተጀምሯል፤ አሻራ የማይነኩት ከ12 ዓመት በታች ያሉት ብቻ ስለሆኑ ሁለቱም ልጆችዎ ይሰለፋሉ። በፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመጀመሪያው ቀን ምንም ቀጠሮ አይያዙ። ከዚያ በኋላ ከአገር አገር በባቡር ስትሻገሩ መደበኛ የፓስፖርት ፍተሻ የለም፤ ፖሊስ ግን አልፎ አልፎ ባቡር ላይ ወጥቶ ይጠይቃል። ፓስፖርት ከራስ በላይ መደርደሪያ ላይ ባለው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን።

ወደ ፓሱ እንምጣ። ሁለት ስም ይሰማሉ፦ ኢንተርሬይልና ዩሬይል። የመጀመሪያው አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር፣ ሁለተኛው ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ነው፤ የሚወስነው ፓስፖርቱ ሳይሆን መኖሪያው ነውና ለእናንተ ዩሬይል ነው። «ልጆች በነጻ» የሚባለው ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉት ብቻ ነው። 12 ዓመት የሞላው እስከ 27 ድረስ እንደ ወጣት ተቆጥሮ ቅናሽ ያገኛል እንጂ በነጻ አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱም ልጆችዎ ከፋዮች ናቸው። ይህን ሳያውቅ አራት መንገደኛን እንደ ሁለት ቆጥሮ በጀት የያዘ አባት ቢሮዬ ውስጥ ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ፓስ የመሳፈር መብት ነው፤ መቀመጫ ለብቻው ይገዛል፣ በአንዳንድ ባቡር ላይም ያለ መቀመጫ መሳፈር አይቻልም። የፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች አገር ውስጥ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ያስከፍላሉ፤ ለፓስ የሚሰጡት መቀመጫም ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ባቡሩ ባዶ ሆኖ «ለፓስ አልቋል» ሊሉ ይችላሉ። የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች በየሰውና በየጉዞው ከ10 ዩሮ በላይ ይጠይቃሉ። የሌሊት ባቡር አልጋም ለብቻው ነው። በአንጻሩ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በጀርመን አብዛኛው የቀን ባቡር ማስያዝ አያስገድድም፤ ፓስ የሚያምረው እነዚህ አገሮች ላይ ነው።

እንግዲህ የእናንተን አራት የመንገድ ቀኖች ብንመዝናቸው፣ ሦስቱ (ፓሪስ ወደ ዙሪክ፣ የሌሊቱ ባቡር፣ ቬኒስ ወደ ሮም) ፓስ ቢኖርም ባይኖርም መቀመጫ ወይም አልጋ ያስገዛሉ። ስለዚህ ለዚህ ዕቅድ ፓስ አልመክርም። ቪዛው እንደወጣ በየአገሩ የባቡር ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የየብቻ ትኬት ይግዙ፤ ሽያጭ እንደተከፈተ የሚገኘው ርካሹ ዋጋ ባቡሩን መለወጥ አያስችልም፣ ግን ለአራት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቪዛው ቢዘገይና ርካሹ ትኬት ቢያልቅ ያኔ ፓሱን እንደገና ያስሉት።

የየብቻ ትኬት ሲገዙ የልጆቹን ዕድሜ በጥንቃቄ ይሙሉ፣ ምክንያቱም ልጅነት በየአገሩ የሚያበቃበት ዓመት ይለያያል። ኦስትሪያ ውስጥ እስከ 14 ዓመት ግማሽ ዋጋ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግማሽ ዋጋው እስከ 15 ይደርሳል፤ 16 የሞላት ልጅዎ እዚያ እንደ እናቷ ትከፍላለች። ጀርመን ውስጥ የምትሳፈሩ ወይም የምትወርዱ ቢሆን ኖሮ የ13 ዓመቱ ልጅ ከወላጅ ጋር በነጻ ይሄድ ነበር፤ ስሙ በትኬቱ ላይ ካልተጨመረ ግን አይሆንም። ሌላው የአሜሪካ ኗሪዎች ወጥመድ ቀኑ ነው። አውሮፓ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን አስከትሎ ይጽፋል፤ 05/08 ማለት ኦገስት 5 ነው። ለኦገስት ያሰቡትን ትኬት ለሜይ ገዝተው ጉዳዩን ጣቢያ ላይ የተረዱ ደንበኞች ነበሩኝ። ቀልድ አይደለም።

ፓሪስ ላይ ብዙ አልልም፤ ስለሷ የማይጽፍ የለም። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሉቭርንና ቬርሳይን በነጻ ያያሉ፤ የመግቢያ ሰዓት ግን ቀድሞ ማስያዝ ይሻላል። ፓሪስ አንድ ዋና ጣቢያ የላትም፤ ወደ ዙሪክ የምትሳፈሩት ከጋር ደ ሊዮን ነው፣ ከጋር ዱ ኖር አይደለም። በየጣቢያው በር «ጋር» የሚለውን ሲያነቡ ለልጆቹ የአዲስ አበባን ለገሃር ይንገሯቸው፤ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ያወረሰን ስም። አያታቸው «ለገሃር ታክሲ ያዝኩ» ሲሉ የሰሙ ልጆች ፈረንሳይኛ ሲሰሙ እንደኖሩ ሲያውቁ ይስቃሉ።

ጁላይ 25 ባለ ሁለት ፎቁን ፈጣን ባቡር ይዛችሁ ዙሪክ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ሉሰርን ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ መቀመጫ ማስያዝ የለም፣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይመጣል። ሉሰርንን የመረጥኩት ለልጆቹ ነው። ሪጊ የሚባለውን ተራራ የሚወጣው ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ሥራ የጀመረው በ1871 ነው፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤቱ ፒላቱስ ላይ ደግሞ ከ1889 ጀምሮ የሚሠራ፣ በዓለም ካሉት ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡሮች ሁሉ ቀጥ ያለውን ዳገት የሚወጣ ባቡር አለ፤ ዳገቱ እስከ 48 በመቶ ይደርሳል። ፉርጎው ራሱ እንደ ደረጃ ተሠርቷል፤ በመስኮቱ ስታዩ ዛፎቹ የተጋደሙ ይመስላሉ። የ13 ዓመት ልጅ ስልኩን የሚያነሳው ለፎቶ ብቻ ነው። ከተማዋ ውስጥም ሎኮሞቲቭና አውሮፕላን የተሰበሰበበት ትልቅ የትራንስፖርት ሙዚየም አለ። አገሩ ውድ ነው፤ ምሳ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ሐይቅ ዳር መብላት ውርደት አይደለም፣ ስዊሶቹም ያደርጉታል። ስልካችሁ ላይ የአውሮፓ ሲም ካርድ ካስገባችሁ ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስላልሆነች በጥቅሉ ውስጥ መካተቷን ያረጋግጡ። ወንዱ ልጅ ጨዋታ ሲጫወት የተቆረጠው ሂሳብ ከሆቴሉ ሊበልጥ ይችላል።

ጁላይ 29 ረጅሙ ቀን ነው፤ ወደ ዙሪክ ተመልሳችሁ፣ ከዚያ ቪየና ስምንት ሰዓት ያህል በአንድ ባቡር። በአውሮፕላን ብትሄዱ ይፈጥናል የሚል ሰው አይጠፋም፤ አይስሙት። ይህ ባቡር ከስዊዘርላንድ ወጥቶ ሊችተንሽታይንን በጥቂት ደቂቃ ያቋርጣል፣ ኦስትሪያ ገብቶ በአርልበርግ ተራሮች ሥር ያልፋል፣ ከኢንስብሩክ በኋላ የጀርመንን ጥግ ቆርጦ ሳልዝቡርግ ላይ እንደገና ኦስትሪያ ይገባል። በአንድ መቀመጫ አራት አገር። ልጁን በስልክ ካርታው ድንበር የምንሻገርበትን ደቂቃ ይጥራ ይበሉት። ማስያዝ ባያስገድድም ጥቂት ዩሮ ከፍለው ጠረጴዛ ያለውን የአራት ሰው መቀመጫ ይያዙ። ምሳ ምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ ይሁን፤ በዋጋውም በጣዕሙም ለይቶ የማመሰግነው ነገር ባይኖርም፣ ተራራ እያዩ ትኩስ ሾርባ መብላት ልጆች ከሙዚየሙ በላይ የሚያስታውሱት ነገር ነው።

እዚህ ላይ የጣቢያውን ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጠፋው ከተማ ውስጥ ሳይሆን ሐዲድ ዳር ነው። ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ውስጥ ባቡሩ የሚቆምበት ሐዲድ ቁጥር አስቀድሞ ይታወቃል። ፓሪስ ላይ ግን የሚለጠፈው መነሻው 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው፤ ያኔ አዳራሹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ በሩም ከመነሻው ሁለት ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ቀድማችሁ ቦርዱ ሥር ቁሙ። ሐዲዱ ዳር ሰሌዳ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ የሚሄድ ፊደል አለ፤ የፉርጎ ቁጥራችሁ በየትኛው ፊደል ፊት እንደሚቆም ሥዕሉ ያሳያል። በተሳሳተው ጫፍ የቆመ ቤተሰብ ባቡሩ ሲመጣ 300 ሜትር ከነሻንጣው ይሮጣል።

የራሴን ውርደትም ልንገርዎት። ከበርሊን ወደ ኮሎኝ ስንሄድ ዘግይተን ደረስንና ልጄና የእኅቴ ልጅ፣ ያኔ 15 እና 14 ዓመታቸው ነው፣ ባገኙት በር ከፊት ዘለው ገቡ፤ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ገባን። እዚያ መስመር ላይ ሁለት ባቡሮች አፍንጫ ለአፍንጫ ተያይዘው እንደ አንድ ይሄዳሉ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ የለም። ሃም የምትባል ጣቢያ ላይ ይለያዩና አንደኛው በቩፐርታል፣ ሌላው በኤሰንና በዱስልዶርፍ በኩል ይሄዳል። ይህን ስንት ደንበኛ አስጠንቅቄያለሁ፤ ራሴ ረሳሁት። ከሃም በኋላ ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ እኛ ወደ ዱስልዶርፍ እየሄድን ነው፤ እናንተስ?» ባለቤቴ ለአንድ ሰዓት አላናገረችኝም። ልጆቹ ግን ተቆጣጣሪውን ጠይቀው፣ ቀጣዩን ባቡር ይዘው፣ ኮሎኝ ጣቢያ በር ላይ ያለው ካቴድራል ደረጃ ላይ ድንች ጥብስ እየበሉ ጠበቁን። ስለ በርሊን ሲጠየቁ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ይህንን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ልጅ ሁሉ ትኬቱን በራሱ ስልክ ይይዛል፣ የማረፊያውን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ያደርጋል፣ 50 ዩሮ ጥሬ ገንዘብ ከስልኩ ሽፋን ሥር ይደብቃል። ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ በፉርጎው ጎን ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብቡ። የሌሊት ባቡር ላይ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ፉርጎዎቹ በእንቅልፋችሁ መካከል ተፈትተው ከሌላ ባቡር ጋር ይያያዛሉ።

ስለ ልጆቹ ኩርፊያ የምሰጥዎት ዋናው ምክር ከዚህ ታሪክ የወጣ ነው፤ የመንገዱን ቀን ለእነሱ ይልቀቁላቸው። የ16 ዓመቷ ከአራቱ የባቡር ቀኖች ሁለቱን ትምራ፦ መነሻውን፣ ሐዲዱን፣ ፉርጎውን እሷ ታግኝ፤ እናንተ ከኋላ ተከተሉ፣ ስትሳሳትም ባቡሩ የሚያመልጥ ካልሆነ አፋችሁን ያዙ። ወንዱ ልጅ ሻንጣ ቆጣሪ ይሁን፤ ወርዶ «አራት!» ሳይል ማንም አይንቀሳቀስ። ስልክ አስቀምጡ የሚለውን ጭቅጭቅ ባቡር ላይ ይተዉት፤ መንገዱን የሚመሩበት መሣሪያ እሱው ነው። ባቡር በር አጠገብ ግን ስልክ በእጅ አይያዝ፤ ሌባ በሩ ሊዘጋ ሲል ነጥቆ ይወርዳል። ጠዋት 7:00 የሚነሳ ባቡር በርካሽ ቢገኝም ይለፋችሁ፤ በዚህ ዕድሜ ልጅን በግድ ቀስቅሶ የሚተርፈው ዩሮ ከሰዓት በኋላ በእንባ ይከፈላል። ባቡር መለወጥ ሲኖር አፕሊኬሽኑ 8 ደቂቃ ይበቃል ቢላችሁ 40 ደቂቃ ይውሰዱ። ትኬቱ አንድ ወጥ ሆኖ ባቡሩ ከዘገየ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የዋጋው 25 በመቶ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ 50 በመቶ ይመለሳል፤ ስለዚህ መነሻና መድረሻውን ቆራርጠው ሳይሆን በአንድ ትኬት ይግዙ።

ቪየና ላይ የመንግሥት ሙዚየሞች ከ19 ዓመት በታች ላሉት ነጻ ናቸው። ፕራተር በሚባለው መዝናኛ ስፍራ ውስጥ ከ1897 ጀምሮ የሚዞረው፣ ሰው የሚሳፈርበት ትልቁ ጎማም አለ። አንድ ቀን ጠዋት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ ብራቲስላቫ ምሳ በልታችሁ ተመለሱ፤ ፕራግን ያስቀረሁባቸው ልጆች አምስተኛ አገር በነጻ አገኙ ማለት ነው፣ ያለ ሻንጣ።

ኦገስት 2 ማታ ከቪየና ወደ ቬኒስ የሌሊት ባቡር። አራት ተደራራቢ አልጋ ያለውን ክፍል ሙሉውን ለቤተሰቡ ይያዙ፤ የተበታተነ አልጋ ከያዛችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ትተኛላችሁ። እነዚህ ክፍሎች ለክረምት ቀድመው የሚያልቁ ናቸውና ቪዛው እንደወጣ መጀመሪያ የሚገዛው ትኬት ይህ ይሁን። እውነቱን ለመናገር አዋቂ ሰው ደህና አይተኛም፤ አልጋው ጠባብ ነው፣ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ይንገጫገጫል። ልጆች ግን ላይኛው አልጋ ላይ ወጥተው እስከ እኩለ ሌሊት ይሳሳቃሉ። እራት ከመሳፈራችሁ በፊት ብሉ፣ ውኃ ያዙ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፉ። ጠዋት የምትወርዱት ሳንታ ሉቺያ ላይ ነው፤ ከሱ በፊት ያለው ሜስትሬ ከየብስ ወገን ነውና ቬኒስ የሚለውን ስም አይታችሁ ቸኩላችሁ እንዳትወርዱ። ከሳንታ ሉቺያ በር ስትወጡ መንገድ የለም፤ ደረጃው እንዳለቀ ትልቁ ቦይ ነው፣ ታክሲው ጀልባ ነው። ዓይኑን እያሻሸ የወጣ ልጅ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር እዚያው ቆማችሁ እዩት፤ ሻንጣው ይቆይ።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች። ልጅዎ የፀጉር መተኮሻ የምትይዝ ከሆነ ጀርባው ላይ እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ የተጻፈ መሆኑን ይዩ። የአሜሪካ መብራት 120 ነው፣ የአውሮፓ 230፤ ለአሜሪካ ብቻ የተሠራው ከነሶኬት መለወጫው ጭሶ ይሞታል። ሁለተኛው ጾም ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ስለሚገባ የምትጾሙ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሮም ላይ ይውላሉ፤ ለጿሚ ከአምስቱ ከተሞች የምትቀለው እሷ ናት። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ከጥንቱም አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። ፓስታ በቲማቲም ሲያዙ «ሴንዛ ፎርማጆ» ይበሉ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ትኩስ ፓስታ ግን እንቁላል ስላለበት ደረቁን ይጠይቁ።

ሮም ቴርሚኒ ስትደርሱ ሻንጣ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ወደ ኮሎሲየም አትሩጡ። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1887) ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ በአትክልት ስፍራው ውስጥ መታሰቢያቸውን ታገኛላችሁ፤ ጫፉ ላይ ከግብፅ የመጣ ድንጋይ ያለበት ሐውልት ነው። ከለገሃር ፊት ለፊት በ1930 ቆሞ የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያኖች ነቅለው ያቆሙት እዚሁ ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በጁን 1937 ሰይፍ መዝዞ የተነሳውም እዚህ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ዛሬም ለገሃር ፊት ቆሟል። ልጆችዎ ፓሪስ ላይ የሰሙት የለገሃር ስም እዚህ መልሶ ይገጥማቸዋል። ሌላ ቀን በሜትሮ ሰርከስ ማክሲመስ ጣቢያ ወርዳችሁ ፖርታ ካፔና አደባባይን እዩ፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እስኪነሳ ድረስ የቆመበት ቦታ ነው፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ።

ለኦገስት 9 በረራ ከቴርሚኒ ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ቀጥታ ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል። ያን ቀን ባቡሩን ወንዱ ልጅ ይምራ። የባለቤትዎ የቪዛ ቀጠሮ የሚያዝበትን ቀን ሲያውቁ ይጻፉልኝ፤ የሌሊቱን ባቡር የምንገዛው ከዚያ ተነስተን ነው።